ማደሪያና ባለቤቱ፦ የታሪክ ቤቶች ለእንግዳ ሲከፈቱ

በአማርኛ «ማደሪያ» የሚለው ቃል ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን በአንድ ጉያ ይዞ ኖሯል። አንደኛው መንገደኛ ሌሊቱን የሚያሳልፍበት ቦታ ነው። ሁለተኛው በመሬት ይዞታ ታሪክ የሚታወቀው ነው፤ ይኸውም መንግሥት ለወታደሩና ለሹሙ በደመወዝ ፈንታ የሚሰጠው፣ ባለማደሪያው ሞፈር ሳይጨብጥበት ገባሩ የሚገብርበት መሬት ነው። የአልጋው ስምና የመሬቱ ስም አንድ መሆኑ እንዲያው የቃል መገጣጠም ብቻ አይመስልም። በቀድሞው ሥርዓት የአንዱ እንቅልፍ በሌላው ድካም ላይ የሚያርፍ ስለ ነበረ፣ እንግዳው የት አደረ የሚለው ጥያቄ ምን ጊዜም ቢሆን ማን አሳደረው፣ በማን እህልና በማን ማገዶ የሚለውን ጥያቄ አስከትሎ ይመጣል።

የታሪክ ቤቶችን ለእንግዳ ማረፊያነት ስለ ማዋል በተነሣ ቁጥር የስፔን ስም ይጠራል። በዚያ አገር አሮጌ ግንቦች፣ ገዳማትና የመሳፍንት አዳራሾች በመንግሥት እጅ ታድሰው ሆቴል መሆን ከጀመሩ አንድ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሥራው የተሳካ ነው፤ የተሳካ በመሆኑም በሌላ አገር ያለ ብዙ ጥያቄ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ነገሩ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ሲመጣ ግን፣ ከምሳሌው አስቀድሞ የአገሬው ሰው እንግዳውን በምን ዓይነት ቤት፣ በምንስ ዓይነት ሕግ ያሳድር እንደ ነበር መመልከት ግድ ይሆናል።

ጎጃም ዓባይ የሚከበው ምድር ነው። ከቤጌምድር፣ ከወሎና ከሸዋ የሚለየው ይኸው ጥልቅ ሸለቆ በመሆኑ፣ ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚገባም ሆነ ከዚያ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መሻገሪያው ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲል ዘመን በሞጣ አቅራቢያ በዓባይ ላይ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ጎጃምን ከቤጌምድር ጋር ሲያገናኝ ኖረ። በፋሺስት ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት ቅስቱ ስለ ፈረሰ «ሰባራ ድልድይ» የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በገደሉ ግራና ቀኝ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት በአየር ላይ ይሻገር ነበር። የሞጣ ከተማነት ከዚህ መሻገሪያ ጋር የተያያዘ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዓመት ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ተድራ ስትመጣና ስሟ ከሞጣ ጊዮርጊስ ጋር አብሮ ሲጠራ፣ የጎንደርን ቤተ መንግሥት ከጎጃም ጋር ያስተሳሰረው መንገድ በዚሁ በኩል ያልፍ ነበር።

በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉ በላይ የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴው ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለ ባሶ ገበያ በዝርዝር ጽፏል፤ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡናና ወርቅ፣ ከሰሜን የሚወርደው አሞሌ ጨው የሚገናኘው በዚያ ገበያ ነበር። ይህን ያህል ሀብት የሚያንቀሳቅሰው ነጋዴ ግን በመንገዱ ላይ ቋሚ ማረፊያ አልነበረውም። በፋርስና በቱርክ አገሮች ለሲራራ ነጋዴ ተብለው እንደ ተሠሩት ትላልቅ የድንጋይ ግቢዎች ያለ ነገር በጎጃም አልታነጸም። ነጋዴው ጭነቱን በክብ ደርድሮ፣ አጋሰሱን ከመካከል አስሮ፣ እሳት አንድዶ በተራ እየጠበቀ በሜዳ ያድራል። ንጋት ላይ አመዱና የፈረስ ፋንድያው ብቻ ይቀራል። ታሪክ ጸሐፊው የነጋዴውን ማደሪያ ፍርስራሽ ፈልጎ የማያገኘው ለዚህ ነው።

በቤት ውስጥ የሚያድረው እንግዳ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው የመሸበት ነው። ተሳላሚው፣ የቆሎ ተማሪው፣ ዘመድ ጥየቃ የሚሄደው ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል፣ እግሩን ያስጥበዋል፣ ካለው ያቀርብለታል። ይህ ደግነት በጽሑፍ ብዙ ጊዜ ተወድሷል፤ መወደሱም ተገቢ ነው። ሁለተኛው እንግዳ ግን በአጥሩ ውጭ ቆሞ አይጣራም። እርሱ በምሪት የሚመጣው ነው። ሹሙ፣ ወታደሩ፣ ከቤተ መንግሥት የታዘዘለት የውጭ አገር ሰው በየመንደሩ ይመራል፤ ገበሬውም እንጀራውን፣ ወጡን፣ ጠላውን፣ ለበቅሎው ገብስና ድርቆሽ ጭምር በድርጎ መልክ ያቀርባል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያን ያዩ ብዙ አውሮፓውያን ተጓዦች የኖሩት በዚህ ድርጎ ነበር። በመጻሕፍታቸው አንዳንዶቹ ስለ እንጀራው መምረር፣ ሌሎቹም ስለ ጠጁ መቅጠን ሲያጉረመርሙ ይገኛሉ። እህሉ ከማን ጎተራ እንደ ወጣ ለመጻፍ የተጨነቀው ግን ጥቂቱ ነው።

ለመሆኑ የባላባቱ ቤትስ ለምን አገለገለ? የቀድሞው የጎጃም መኰንን ግቢ እልፍኝና አዳራሽ፣ ማድ ቤትና ጠጅ ቤት፣ ጋጣና ጎተራ የያዘ ሰፊ ነገር ነበር። አዳራሹ የሚሠራው ግን ለመኝታ ሳይሆን ለግብር ነው። ብዙ ሰው በሥርዓት፣ በማዕርግ ተራ እየተቀመጠ ይበላበታል፤ በልቶ ይወጣል። የሚያድረው በተመራበት በገበሬ ቤት ነው። ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም የመስተንግዶ ሸክም በሁለት ቤቶች ላይ ተከፍሎ ቆየ ማለት ይቻላል፦ የማብላቱ ክብር በመኰንኑ ቤት፣ የማሳደሩ ዕዳ በገበሬው ጎጆ። ከሁለቱም ቤቶች ዛሬ ለማየት የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው። የተሠሩት ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር ክዳን ስለ ነበረ፣ ባለቤቱ ሲሻር ወይም ሲሞት ቤቱም አብሮት ያረጃል። የጎንደር ግንብ ፈርሶ እንኳ ግድግዳው ሦስት መቶ ዓመት ይቆማል፤ የጎጃም አዳራሽ ሳይጠገን ጥቂት ክረምት ካለፈበት ምሰሶው ይቀራል፣ ቀጥሎም ምሰሶው ለማገዶ ይሄዳል።

ዐፄ ምኒልክ ከክፉ ቀን በኋላ፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ ወታደር በገበሬ ቤት መመራቱ ቀርቶ በምትኩ አሥራት እንዲሰበሰብ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ነገሩን በአንድ ጊዜ አላቆመውም። ሆኖም እንግዳ ማሳደር ከግብር ዓይነቶች አንዱ መሆኑን መንግሥት ራሱ በአደባባይ ያመነበት ጊዜ በመሆኑ ትልቅ ነገር ነው። የገበሬው ትዝታም በቀላሉ የሚጠፋ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ በዳሞት፣ በሞጣና በቢቸና ሕዝቡ ሲያምፅ፣ ከግብሩ መጠን ይልቅ ያስቆጣው ገማቹ ወደ ማሳው መምጣቱ፣ ከርስቱም ላይ ዓይኑን መጣሉ ነበር። የመንግሥት እንግዳ በደጃፉ ሲቆም ምን እንደሚከተል ገበሬው ከአያቶቹ ሰምቷል።

በገንዘብ የሚያድር እንግዳ በኢትዮጵያ ታሪክ ዘግይቶ የመጣ ነው። በአዲስ አበባ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ1890ዎቹ መጨረሻ ዓመታት ተሠርቶ ሥራ ሲጀምር፣ ምግብን በገንዘብ መሸጥም ሆነ መግዛት እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር ደንበኛ ጠፍቶ ነበር ይባላል። ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው ሒሳብ ከፍለው አስለመዱ እየተባለ የሚነገረው ታሪክ፣ ቃል በቃል እውነት ቢሆንም ባይሆንም፣ የዘመኑን ስሜት በትክክል ያሳያል። በክፍለ ሀገር ከተሞች ግን የሆቴል እናት ጣይቱ ሆቴል አይደለችም፤ የጠላና የጠጅ ቤት ባለቤቷ ሴት ናት። በገበያ ቀን ጠላ የምትሸጥ ሴት ለመሸበት ደንበኛዋ መደብ ታነጥፋለች፤ እየቆየ ከጓሮ አንድ ሁለት ክፍል ትጨምራለች፤ በመጨረሻ በሩ ላይ «ምግብና አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ ይሰቀላል። የቢቸናና የሞጣ መንገደኛ ለረጅም ዘመን ያደረው በእንዲህ ዓይነቱ ቤት ነው። እነዚህ ሴቶች ስማቸው በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ አልሰፈረም፤ ለመንገደኛ አልጋ በማዘጋጀት ረገድ ግን ከማንም ሹም የበለጠ ሠርተዋል።

ስፔን የሄደችበት መንገድ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 በዚያ አገር የንጉሡ የቱሪዝም ኮሚሽን ተቋቁሞ በማርኪስ ዴ ላ ቬጋ ኢንክላን እጅ ተሰጠ። ይህ ሰው የተመለከተው ችግር ግልጽ ነበር። አውቶሞቢል መጥቷል፣ መንገዱም እየተጠረገ ነው፤ ነገር ግን ከባሕር ዳርቻና ከትልልቅ ከተሞች በራቁት ድሃ አውራጃዎች ደኅና ማረፊያ የለም፣ ባለሀብቱም ትርፍ ስለማይታየው ገንዘቡን በዚያ አያፈስም። ስለዚህ የግል ገንዘብ በማይደርስበት ቦታ መንግሥት ራሱ ማረፊያ እንዲሠራ ሐሳብ ቀረበ። የመጀመሪያው «ፓራዶር» በግሬዶስ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1928 ተከፈተ። ቃሉ በስፔንኛ መቆሚያ፣ ማረፊያ ማለት ነው። የግሬዶሱ ቤት አዲስ የተሠራ ነበር፤ ከእርሱ ቀጥሎ ግን እ.ኤ.አ. በ1930 የኦሮፔሳ ግንብና በኡቤዳ የሚገኝ የመሳፍንት ቤት፣ በ1933 ደግሞ በሜሪዳ የሚገኝ አሮጌ ገዳም ለእንግዳ ተከፈቱ። በ1960ዎቹ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ፍለጋ ሥራውን እጅግ አስፋፋው። ዛሬ በመንግሥት ኩባንያ የሚተዳደሩት ማረፊያዎች ከዘጠና በላይ ናቸው።

የዚህን ሥራ ጥቅም መካድ አይቻልም። ጣራው የፈረሰ ግንብ ጣራ አገኘ፤ የገጠር ወጣት በተወለደበት ቦታ ሥራ አገኘ፤ የአውራጃው ወጥ ቤት፣ የአውራጃው ሸክላና ምንጣፍ በእንግዳው ፊት ቀረበ። የሕንጻ ጥገና ባለሙያዎችም እንደሚሉት ቤትን ከመፍረስ የሚያድነው ከሁሉ በላይ በየቀኑ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ቤት ሆቴል የሚሆነው አስቀድሞ ባዶ ሲሆን ነው። እነዚያን ቤቶች ባዶ ያደረጋቸው ማን ነው?

በግራናዳ በአልሃምብራ ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ማረፊያ የሆነው የቅዱስ ፍራንሲስኮስ ገዳም ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ቦታው የግራናዳ እስላማዊ ነገሥታት ቤት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1492 ከተማይቱ በፈርዲናንድና በኢዛቤላ እጅ ስትወድቅ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ወጡ፤ መነኮሳት ገቡ። ሁለቱ ነገሥታት ራሳቸው ዐፅማቸው በካቴድራሉ አጠገብ ወዳለው የነገሥታት ጸሎት ቤት እስኪዛወር ድረስ የተቀበሩት በዚያ ነበር። በ1830ዎቹ ደግሞ የስፔን መንግሥት፣ በሚኒስትሩ በሜንዲሳባል ዘመን፣ የገዳማትን ንብረት ወርሶ ሲሸጥ በተራቸው መነኮሳቱ ወጡ። እንግዲህ ዛሬ በዚያ የሚያድር ጎብኚ ሁለት ጊዜ ከተባረሩ ባለቤቶች በኋላ የገባ ሦስተኛ ሰው ነው። ስፔን ይህን ያህል ባዶ ገዳም ያገኘችው መነኮሳቱ በፈቃዳቸው ጥለውት ስለሄዱ አይደለም።

በሌዎን ከተማ የሚገኘው ሳን ማርኮስ ታሪኩ ከዚህም የከበደ ነው። ሲጀመር ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር ለሚሄዱ ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበረ። በ17ኛው መቶ ዓመት ታላቁ ገጣሚ ፍራንሲስኮ ዴ ኬቬዶ እ.ኤ.አ. ከ1639 እስከ 1643 ታስሮበታል። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ከ1936 ጀምሮ እስከ ጦርነቱ ማግሥት፣ የፍራንኮ ሠራዊት በሺህ የሚቆጠሩ የሪፐብሊኩን ደጋፊዎች ያጎረበት፣ ብዙዎችም ወደ ሞት የተወሰዱበት የእስር ሰፈር ሆነ። ከዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል እንዳለፈ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ የዚያው ሰው መንግሥት በባለ አምስት ኮከብ ሆቴልነት ከፈተው። የድንጋይ ቅርጹ የታደሰበት ጥራት የሚደነቅ ነው። በአልጋው ላይ የሚተኛው እንግዳ ግን በዚያው ወለል ላይ ማን ተኝቶ እንደ ነበር እንዲያውቅ የፍራንኮ ዘመን አልፈቀደም። ማደስ የመርሳት መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ የሚታየው ደግሞ ሌላ ነው። ፈርዲናንድና ኢዛቤላ እ.ኤ.አ. በ1499 ለተሳላሚዎች ያሠሩት ሆስፒታል፣ የታመመና የደከመ መንገደኛ ያለ ክፍያ ይረዳበት የነበረ ቤት፣ በ1954 ከአገሪቱ እጅግ ውድ ሆቴሎች አንዱ ሆኖ ተከፈተ። ከጥንቱ ሥርዓት አንድ ልማድ ብቻ አልቀረም፦ በእግር ተጉዘው ለሚደርሱ የመጀመሪያዎቹ አሥር ተሳላሚዎች በነፃ ምግብ ይሰጣል። ልማዱ ማፈሪያም ነው፣ መኩሪያም ነው። የአንድ ታላቅ ተቋም ዓላማ ወደ አንድ ማዕድ ጠቦ ሲታይ ያሳፍራል፤ ሆኖም ጨርሶ ያልጠፋ መሆኑ ቤቱ የማን እንደ ነበረ ያስታውሳል።

በኢትዮጵያም የዚህ ብጤ ቤቶች አልጠፉም። በመቀሌ ከኮረብታ ላይ የሚታየው የደጃዝማች አብርሃ አርአያ የድንጋይ ግንብ ከጊዜ በኋላ ሆቴል ሆኖ ለብዙ ዓመታት አብርሃ ካስል በሚል ስም እንግዳ አሳድሯል፤ ከስፔኖቹ ማረፊያዎች ጋር እጅግ የሚቀራረበው ይኸው ነው። የግንቡ ጌታ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ሸፍተው በቆረም አጠገብ በደጃዝማች አባተ ቧያለው ጦር ድል ሆነው ታስረዋል። በወንዶ ገነት የንጉሠ ነገሥቱ ማረፊያ የነበረው ቦታ ከለውጡ በኋላ በመንግሥት ተወርሶ በዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች ሥር የሕዝብ መዝናኛ ሆነ። ሆቴል ባይሆንም የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከዚሁ ተራ የሚቆጠር ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ወቅት መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ በአረንጓዴው ሳሎን ከተገደሉ በኋላ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ከሳን ማርኮስ የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ግቢ የሚማረው ተማሪ ያ ደም የት እንደ ፈሰሰ ያውቃል።

በሐረር ጁገል ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ ተገኝቷል። አንዳንድ የሐረሪ ቤተሰቦች የአባቶቻቸውን ቤት ሳይለቁ ከክፍሎቹ የተወሰኑትን ለእንግዳ ከፍተዋል። እንግዳው በቀይ ቀለም በተለቀለቀው ንደባ ላይ ይቀመጣል፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሳህንና ሙዳይ ለጌጥ ተገዝቶ የመጣ ሳይሆን የቤቱ እመቤት የራሷ ነው። ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የወደቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው ብለው የሚተርኩለትም ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው። በአማራ ክልልም በሰሜን ወሎ በመቄት አምባዎች ላይ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው በአገሩ ድንጋይና ሣር ጎጆ እየሠሩ በእግር የሚጓዝ እንግዳ ሲያሳድሩ ቆይተዋል። የመቄት ጎጆ የታሪክ ቤት አይደለም። ይሁን እንጂ የድርጎውን ነገር ገልብጦታል፤ ቀድሞ ገበሬው የሚገብርበት እንግዳ አሁን የሚከፍል እንግዳ ሆኗል።

ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ሲመለሱ ጥያቄው በግልጽ ይታያል። እነዚህ ከተሞች በ1950ዎቹ በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ዘመን ከተቀየሰው ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር፣ ከላሊበላና ከአክሱም የጉብኝት ዙሪያ ውጭ ቀርተዋል። ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚያወጣው መንገድ ለረጅም ዘመን ጠጠር ሆኖ ሲቆይ፣ አስፋልቱ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ዞረ። የስፔኑ ማርኪስ «ባለሀብት የማይደርስበት አውራጃ» ያለው ዓይነት ቦታ ቢፈለግ ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት ለአካባቢው የሚያስቡ ሰዎች የስፔንን ምሳሌ ቢመኙ አያስደንቅም። ነገር ግን ለሆቴልነት የሚለወጠው ግንብ የትኛው ነው? የመኳንንቱ አዳራሽ ፈርሷል። ፋሺስት ኢጣሊያ በአምስቱ ዓመት በሁለቱ ከተሞች የሠራቸውን ምሽጎች ለጎብኚ መዝናኛ ላድርግ የሚል ቢገኝ፣ በላይ ዘለቀና ጓዶቹ በቢቸና ምድር ያደረጉትን ተጋድሎ የሚያስታውስ ሰው ይፈርደዋል። በላይ ራሱ ከድል በኋላ ቢቸናን ተሹሞ ጥቂት ሳይቆይ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት መሞቱን ሳያነሡ በምሽጉ ሰገነት ላይ ቡና መጠጣት የሳን ማርኮስን ሥራ መድገም ይሆናል።

በአካባቢው እውነተኛ ጥንታዊነት ያላቸው የገዳማቱ ግቢዎች ናቸው፤ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም። የመርጡለ ማርያም ጥርብ ድንጋዮች፣ ከእቴጌ እሌኒ ዘመንና በ17ኛው መቶ ዓመት ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ሥራ የተረፉት፣ በአበባና በሐረግ ቅርጻቸው በየትኛውም የአውሮፓ ገዳም ፊት የሚያሳፍሩ አይደሉም። የሥነ ጥበብ ሰዎች ይህን ሥፍራ እስካሁን በሚገባው መጠን አለማጥናታቸው ያሳዝናል። ግን እነዚህ ቦታዎች የስፔን ገዳማት እንደ ሆኑት ባዶ አልሆኑም። በዲማና በደብረ ወርቅ ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ አለ፤ ማኅሌቱ አልተቋረጠም፤ በንግሥ ቀን ከየአጥቢያው የሚመጣው ሕዝብ በግቢው ዙሪያ ያድራል። ሐዲስ አለማየሁ በልጅነታቸው ከደብረ ኤልያስ ሌላ በደብረ ወርቅና በዲማም ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ያቆሙት በዲማ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ዲማ ሲደርስ የፊታውራሪውን አዳራሽ ቢጠይቅ አያገኘውም። የሚያገኘው ልብ ወለዱ የተወለደበትን ትምህርት ቤት ነው፤ እርሱም እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው።

የቆሎ ተማሪው ጎጆ ምናልባት በምሥራቅ ጎጃም ከሁሉ የቆየው የእንግዳ ማረፊያ ነው። ተማሪው ከላስታ፣ ከሸዋ፣ ከወሎ እንግዳ ሆኖ ይመጣል፤ ከአንድ ሰው ቁመት እምብዛም የማይበልጥ ጎጆ በገዛ እጁ ይቀልሳል ወይም ቀድሞት የሄደው ተማሪ የተወለትን ይወርሳል፤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ይበላል። ያሳደረው አገር ኪራይ አይጠይቀውም፤ ትምህርቱን ጨርሶ መምህር ሆኖ እንዲወጣ ብቻ ይጠብቃል። የጎጆው ዕድሜ አጭር ነው፤ የማሳደሩ ሥርዓት ግን ከብዙ ግንብ በላይ ቆይቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ መለወጥን ይከለክላል፤ ግዙፍ ያልሆነውንም ቅርስ በትርጓሜው ውስጥ አግብቷል። የተማሪ ጎጆ መንደር በአንድ ቅርስነት ተመዝግቦ ቢጠበቅ ከሕጉ የሚጋጭ ነገር የለበትም። ነገሩ የሚመለከተው ባለሙያና የገዳሙ አስተዳደር ተቀምጠው የሚመክሩበት ነው። ለእንግዳ ማረፊያ ካስፈለገም ከግቢው ውጭ፣ በአገሩ ሰዎች እጅ፣ እንደ መቄት ገበሬዎች ወይም እንደ ሐረር ቤተሰቦች ሊሠራ ይችላል፤ ለዚህ ማንም ከቤቱ መውጣት የለበትም።

ሰባራ ድልድይ ራሱ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረሰው ቅስት በብረት ተያይዞ ገመዱ ቀረ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። የገበያ ቀን በዚያ የሚሻገረው ሰው በወገቡ ገመድ አይታሰርም፤ ሸቀጡን ተሸክሞ፣ አህያውን ነድቶ ያልፋል። ከዳገቱ በኋላ ሞጣ ሲደርስ ከመሸበት ወደ መጀመሪያው የበራ ደጅ ጠጋ ብሎ አልጋ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ከውስጥም የባለቤቷ ድምፅ ይመልስለታል።